የሙሽሪት ሳቅ

ሙሽሪት አግብታ አታውቅም። ስሙን ያወጣላት አሠሪዋ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ሥራዋ። ከውጭ የሚመጡ ተከታታይ ድራማዎች በእኛ ቋንቋ ሲተረጎሙ ለዋናዋ ሴት ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት፤ ዋናዋ ሴት ደግሞ እንደሚታወቀው መዳሯ አይቀርም። ሀብታም አግብታለች፣ ድሃ አግብታለች፣ መንታ ወንድማማቾችን በየተራ አግብታለች፣ አንዴም ሞታ ከተቀበረች በኋላ ተመልሳ መጥታ የገዛ ባሏን እንደ አዲስ አግብታለች። ሥራ ውላ ቤቷ ስትገባ ግን የሚጠብቃት ባል ሳይሆን ሟች እህቷ ትታላት የሄደችው ልጅ ናት። ልጅቱን ሁሉም ሚጡ ይላታል። አድጋ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ እንኳ ሚጡ ከመባል አላመለጠችም።

ስቱዲዮው ስሙ ስቱዲዮ ይሁን እንጂ ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። በውጭኛው ክፍል ባለቤቱ ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጦ ይውላል። እሱን ደግሞ እሷ ጆሮ ብላዋለች፤ ከስንት መንገድ ማዶ የተነፋ ጡሩምባ ሰምቶ "ቁሚ፣ እንደገና" ለሚል ሰው ሌላ ስም አይገባውም። የውስጠኛው ክፍል የሙሽሪት ነው። ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶንና በአሮጌ ፍራሽ ተለብጧል፤ አንዲት ትንሽ መስታወት፣ ማይክ፣ የእንጨት በርጩማና ምስሉ የሚታይበት ስክሪን አለበት። ቬንቲሌተር የለም፤ ድምፁ አብሮ ይቀረጻላ። የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ከወለቀ ቆይቷል። ጆሮ አላስጠገነውም፤ በሩ ከውጭ ጥርቅም ብሎ ሲቀረቀር ድምፅ አያስገባም ባይ ነው። ስለዚህ ሙሽሪት መውጣት ስትፈልግ መስታወቱን ታንኳኳለች። ጆሮ ካለ ይከፍታል፤ ከሌለ በላብ ተጠምቃ ትቀመጣለች።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጣጣ ከንፈር መሙላት ነው። የውጭ አገሯ ሴት ከንፈሯን ረዘም አድርጋ ታንቀሳቅሳለች፤ ተርጓሚው የላከው ወረቀት ላይ ግን አንዲት አጭር ቃል ብቻ ትገኛለች። ከንፈር እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ከጠፋ ተመልካቹ ያሾፋል። የጎደለውን እንግዲህ ድምፅ ሰጪዋ በራሷ ብልሃት ትሞላዋለች፤ በትንፋሽ፣ በ"እኮ"፣ በ"እንዴ"፣ በማጉረምረም። በዚህ ሙሽሪትን የሚስተካከላት የለም። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያምናት። ቀድቶ ሲጨርስም ድምፅዋን እየቆራረጠ ያስቀምጣል፤ ሳቋ ለብቻ፣ ልቅሶዋ ለብቻ፣ "እሺ" ያለችው ለብቻ፣ "እምቢ" ያለችው ለብቻ። ጉሮሮዋን ሲያማት ወይም ጊዜ ሲያጥር ከዚያ እየመዘዘ ይለጥፋል፤ ማንም አያውቅበትም።

ያቺ ትዕይንት የመጣችው በአንድ ተራ ቀን ነው። የድራማው ጎረምሳ ልጅቱን ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ አስደግፎ ክንዷን ይይዛታል። ወረቀቱ ላይ "ተው" ይላል፤ በቃ። የልጅቱ ከንፈር ግን አያቆምም። ፊቷን የጎረምሳው ትከሻ በግማሽ ስለሸፈነው ትቆጣ ታልቅስ አይለይም። ሙሽሪት "ተው" አለችና የተረፈውን በሳቅ ሞላችው፤ በአፍንጫ የምትወጣ፣ መጨረሻዋ ላይ የምትሰበር ትንሽ ሳቅ። ጆሮ ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳያት። ከዚያ ሙዚቃ መጣ፣ መብራቱ ደበዘዘ፣ በሚቀጥለው ክፍል ልጅቱ ጎረምሳውን ወዳ ቁጭ አለች።

ሳቋ አገር ምድሩን አዳረሰች። ጆሮ የስልኩ መጥሪያ ድምፅ አደረጋት። ጎረምሶች መንገድ ዳር ተደርድረው ሴት ስታልፍ ሳቋን ከስልካቸው ያሰሟት ጀመር። ሙሽሪት መጀመሪያ ላይ ኮርታለች፤ ምን ይደበቃል፣ ፊቷን ማንም የማያውቃት ሴት አገር ሲስቅባት ሳይሆን አገር በእሷ ሳቅ ሲስቅ ደስ ይላታል። ቤት ስትለማመድ የወንዶቹን ቃል የምታነብላት ሚጡ ነበረች፤ አክስቷን እትዬ ነው የምትላት። ፊደል ከቆጠረችበት ጊዜ አንሥቶ ወረቀቱን ይዛ አልጋ ላይ ትወጣና በጎርናና ድምፅ "ያላንቺ መኖር አልችልም" ትላታለች። ያቺንም ሳቅ ስትኮርጅ ከራሷ ከሙሽሪት አስበልጣ ነው፤ ሁለቱ እስኪያማቸው ይንከተከቱ ነበር። ያ ሳቅ የት እንደሚውል፣ ማን ጆሮ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አንዳቸውም አላሰቡም። ማን ያስባል?

ያሰበች አንዲት ሴት ግን መጣች። የዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር ናት፤ ዶክተር ብለው ሲጠሯት ዞር ብላ ሌላ ሰው የምትፈልግ ዓይነት። ጆሮ የማስታወቂያ ሥራ ያመጣችለት መስሎት ወንበሩን በክርኑ ወልውሎ አስቀመጣት። እሷ ግን ጥናት ላይ እንደሆነች ነገረችው፤ ወጣት ወንዶች በስክሪን የሚያዩት ነገር ሴት ልጅ ስትደፈር በሚሰጡት ፍርድ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ማጣራት ፈልጋለች። ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ትከፍላቸዋለች። እኩሌቶቹ የጋራዡን ትዕይንት ሳቁ እንዳለ ያያሉ፤ እኩሌቶቹ ያንኑ ትዕይንት ያለ ሳቁ ያያሉ። ኋላ ሁሉም ስለ ሌላ የተደፈረች ልጅ አንድ ታሪክ ያነቡና ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ ሰውየው ምን ያህል መቀጣት እንዳለበት ይፈርዳሉ። ልዩነቱ ሳቁ ብቻ እንዲሆን ደግሞ ሁለቱም በአንድ ሴት ድምፅ መቀዳት አለባቸው።

ሙሽሪት እስከዚያች ሰዓት ያልጠየቀችውን ጥያቄ ያኔ ጠየቀች። ለመሆኑ የድራማዋ ሴት በገዛ ቋንቋዋ ምን ነበር ያለችው?

ዶክተሯ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አስተርጉማ ነበር። ከወረቀቷ ላይ አነበበችላት፦ "አልፈልግም። እጄን ልቀቀኝ። አልፈልግም እያልኩህ ነው።"

ሙሽሪት ገብታ ቀዳችው። በር ተቀረቀረባት፣ ቀይዋ መብራት በራች፣ ቃሎቹን አንድ በአንድ አለቻቸው። ከሴትዮዋ ከንፈር ጋር ልክክ አሉ። ምንም የሚሞላ አልተረፈም። ጨርሳ በርጩማው ላይ ቀረች፤ ጆሮ በሩን ከፍቶ "ምን ሆነሻል፣ ነይ ውጪ እንጂ" እስኪላት ድረስ አልተነሣችም። ያቺ ሴት፣ አፍ ሆና ያን ያህል ጊዜ የኖረችላት ሴት፣ እየለመነች እንደነበር አላወቀችም።

ከወራት በኋላ ዶክተሯ ልታመሰግን ተመልሳ መጣችና ያገኘችውን ነገረቻት። ሳቁን የሰሙት ወጣቶች ካልሰሙት ይልቅ በልጅቱ ላይ ጠንከር ብለው ፈርደዋል፤ ለሰውየውም ቅጣቱን አቅልለውለታል። ዶክተሯ ቃሏን የምትመዝን ሰው ናት። ሁሉም እንዲያ አላደረጉም አለች፤ አንድ ትዕይንት ሰውን ባንዴ አውሬ አያደርገውም፣ ሚዛኑን ግን ዘንበል ያደርገዋል።

"ልጆቹን ታዲያ ከዚያ በኋላ እንዲሁ ለቀቋቸው?" አለች ሙሽሪት።

"ኧረ አይደረግም። ሳቁ ከውጭ የተጨመረ መሆኑን፣ መደፈር የምትወድ ሴት እንደሌለች አንድ በአንድ ቁጭ አድርገን አስረድተን ነው የምንሸኛቸው። ሳናስረዳ አንድም ልጅ ከበር አይወጣም።"

"በየቤቱ ቁጭ ብለው የሚያዩትንስ ማን ይሸኛቸዋል?"

ዶክተሯ ቦርሳዋን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ሴቶች ልጆችስ፣ እነሱ ሲያዩት ምን ይሆናሉ ብላ ሙሽሪት ስትጨምርባት፣ እሱን ገና አላጠናነውም አለቻት።

በማግስቱ ሙሽሪት ድፍረቷን ሰብስባ ለጆሮ ነገረችው፤ ትዕይንቱ በየድጋሚው ይተላለፋልና ሳቁ ይውጣ፣ ሴትዮዋ ያለችው ይግባ አለችው። ጆሮ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ደግሞ ድራማውን ተወዳጅ ያደረገው ያ ሳቅ መሆኑን አስታወሳት፤ ድምፅ ለመስጠት የሚጠባበቁ ወጣት ሴቶች ደረጃው ላይ ተኮልኩለው መዋላቸውንም እግረ መንገዱን ጣል አደረገላት። የገባት ገባት። የቤት ኪራይ አለ፣ ሚጡ አለች፣ የእሷም ዕድሜ እየገፋ ነው። አፏን ይዛ ወደ በርጩማዋ ተመለሰች፣ በሩም ተቀረቀረ።

የተከራዩት ቤት በአንድ ደግ ባልቴት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል ነው። ደግነታቸው የአፍ አይደለም፤ ሚጡ ትንሽ ሳለች ሲያማት ይዘዋት ያደሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ልጅ አላቸው፤ ዕቃ የሚያመላልስ ዝግ መኪና ይነዳል፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ታዛዥ ነው፣ ሚጡንም "እህቴ" እያለ ነበር የሚጠራት። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ዝናብ ያዛትና መኪናውን አቁሞ "ግቢ" አላት። ገባች። ለምን አትገባ? አብሮ አደጓ ነው።

ሚጡ ወደ ቤት የገባችው በእግሯ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ልብሷን ሳታወልቅ ገላዋ ላይ ውሃ ታፈስ ጀመር። ሙሽሪት ከሥራ መጥታ እንዲያ ሆና አገኘቻት፤ ምን እንደሆነች ሳትነግራት አወቀች፣ ከዚያም ሚጡ ነገረቻት። ያን ቀን ሙሽሪት አላለቀሰችም። ልጅቱን ደረቅ ልብስ አለበሰችና ይዛት ወጣች። ክሊኒክ ሄዱ፤ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ። ተረኛው ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወንበር ሰጥቷቸዋል። ጮኸሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሚጡ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ያደረገው ሰው ማን እንደሆነ ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠና፣ በአንድ ግቢ የሚኖር ሰው መጀመሪያ በቤተሰብ ይነጋገር፣ ካልሆነ ነገ ተመለሱ አላቸው። በነጋታው ሚጡ ከአልጋዋ አልነሣ አለች፤ ሌላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ጥያቄ ሁለተኛ አልሰማም አለች።

ሙሽሪት ጨነቃትና ታላቅ ወንድሟን ጠራችው። እዚህ ላይ ተሳሳተች ማለት ይቻላል፤ ግን ማንን ትጥራ? ወንድምጋሼ መጣ፣ ከባልቴቷ ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ፣ ልጃቸውም ተጠርቶ ከእናቱ ጎን አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሙሽሪትና ሚጡ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ነበሩ። ወንድምጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ ልጁን ምን አደረግህ አለው። ልጁ ቀና አለ፤ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረውም፣ ይህ ነው ሙሽሪትን ያስደነገጣት።

"ስቃለች እኮ" አለ። "ጋሼ፣ ሳቀች። ያልፈለገች ሴት ትስቃለች እንዴ?"

"ውሸት ነው!" ሙሽሪት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። "ያ የድራማው ነው። ከድራማው ነው ያመጣኸው።"

"ስቄያለሁ" አለች ሚጡ።

ሚጡ የቀሚሷን ጫፍ እያፍተለተለች ወለሉን እያየች ነበር የምታወራው። በሩን ሲቆልፈው ደነገጥኩ አለች። ቀልድ ባስመስለው፣ እሱም ቀልድ ነው ብሎ የሚተወኝ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እትዬ እንደምትስቀው አድርጌ። ከዚያ በኋላ ግን አልሳቅኩም። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ለምን አይናገርም?

የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም አላነሣላትም። "ስቄያለሁ" የምትለዋን ቃል ሁሉም አፈፍ አድርገው ይዘዋታል። የወንድምጋሼ ትከሻ እንኳ ሸክም እንደወረደለት ሰው ረገብ አለ። እንግዲህ ከሳቀችም አለ፣ ነገሩ የልጆች ነገር ነው፤ ልጁ ሥራ አለው፣ ልጅቷ አባት የላትም፣ ይጋቡና ገመናው በዚሁ ይከደን። ባልቴቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሚጡን ሲያዩዋት ቆዩ፤ ኋላ ልጃቸውን አዩ። የእናት ነገር፣ ወደ ልጃቸው አደሉ። በወሩ መጨረሻ ሠርጉ ይሁን፣ ካልሆነ በአንድ ግቢ ተኳርፎ መኖር አይቻልምና ቤቱን ይልቀቁልኝ አሉ።

ሙሽሪት ለማስረዳት ሞከረች። ሳቁ የሚጡ ሳይሆን የእሷ መሆኑን፣ ሴትዮዋ በገዛ ቋንቋዋ ያለችው ሌላ መሆኑን፣ ዶክተሯ ያገኘችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስትቸኩል አዘበራረቀችው። ወንድምጋሼ እስክትጨርስ አዳምጦ፣ እንግዲያውስ ያበላሸሻት አንቺ ነሻ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እሷም ለራሷ ስትለው የሰነበተችው ያንኑ ነበር።

ዶክተሯ ዘንድ ሮጣ ሄደች። እነዚያን ልጆች አስቀምጠው እንዳስረዱ እነዚህንም ያስረዱልኝ ብላ ለመነቻት። ዶክተሯ አላቅማማችም፣ መጣች፤ ወንድምጋሼ ግን የውጭ ሰው በቤተሰብ ገመና አይገባም ብሎ ከግቢው በር መለሳት። የጠበቃ ስልክ ጽፋ ለሚጡ ሰጠቻት። ሚጡ ወረቀቱን ትራሷ ሥር አስገባችው እንጂ አልደወለችም።

ያ ወር እንዴት ያለ ወር ነበር። ሚጡ ወደ ሥራ ስትወጣ በመኪናው ጎን ታልፋለች፣ ስትመለስ በመኪናው ጎን ታልፋለች። የግቢው በር አንድ ነው። ልጁ አሁን አያናግራትም፤ እንደታጨች ሴት አንገቱን ሰበር አድርጎ ያሳልፋታል፣ ይህ ደግሞ ይባስ ያንገሸግሻታል። አንድ እሁድ ልብስ እያጣጠፈች፣ እትዬ ይሁን በቃ፣ እሺ ልበል አለች። ቤት ብንለቅ የት እንገባለን፣ አንቺስ በዚህ ዕድሜሽ? ሙሽሪት የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ። በፍጹም አለቻት። አፏ በፍጹም ይበል እንጂ የት እንደሚገቡ እሷም አታውቅም።

የድራማው የመጨረሻ ክፍል በዚህ መሐል ደረሰ። የጋራዡ ልጅ የጋራዡን ጎረምሳ የምታገባበት ክፍል ነው። ጆሮ እንደልማዱ ዘግይቷል፤ ከሰዓት ተቀድቶ ማታ መተላለፍ አለበት። ሁሉ ተቀድቶ አልቆ የቀረችው የሠርጉ ትዕይንት ብቻ ነበረች። አጋቢው ሽማግሌ ፈቅደሽ ነወይ ይላታል፣ ሙሽራዋ ረጅም ቃለ መሐላ ትናገራለች። የጆሮ ስልክ ጮኸ፤ የማስታወቂያ ደንበኛ ነው። ለሙሽሪት በመስታወቱ ቀጥዪ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት፣ ማሽኑን እየቀዳ ተወውና በሩን እንደቀረቀረባት ወደ ደረጃው ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያምናት ብለናል።

ሙሽሪት ብቻዋን ቀረች። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ ነጭ የለበሰችው ሴት ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ወረቀቱ ላይ "በሙሉ ልቤ ፈቅጃለሁ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ ያንተ ነኝ" ይላል። ሙሽሪት ወረቀቱን ገለበጠችውና ከንፈሩን በራሷ ቃል ሞላችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ የሥራ ድምፅዋ ነው። ጨርሳ መስታወቱን ስታንኳኳ ጆሮ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ መጥቶ ከፈተላት፣ ፋይሉን ሳይሰማ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ላከው።

ማታ ባልቴቷ እንደሁልጊዜው ድራማውን ለማየት ሁሉንም ሳሎን ጠሩ። የነገ ወዲያውን ሠርግ ነገር ለመቁረጥ ወንድምጋሼም መጥቷል። ልጁ ከእናቱ ጎን፣ ሚጡ በሩ አጠገብ፣ ሙሽሪት ከእሷ ጎን። ባልቴቷ ይቺን ሙሽራ ለዓመታት እንደ ልጃቸው ተከታትለዋታል፤ መሐረባቸውን ከወዲሁ አዘጋጅተዋል። ሽማግሌው ፈቅደሽ ነወይ አለ። ካሜራው ወደ ሙሽራዋ ፊት ቀረበ።

"አልፈልግም" አለች ሙሽራዋ፣ አገር በሚያውቀው ድምፅ። "ያን ቀን ጋራዥ ውስጥ የሳቅኩት ፈርቼ ነው። ሳቄን ሰማህ፣ ከሳቄ በኋላ ያልኩህን ግን አልሰማህም። አልፈልግም እያልኩህ ነበር።"

ምስሉ ግን ቃል ሰምቶ የሚቆም ነገር አይደለም። ሙሽራዋ ይህን ብላ ፈገግ አለች፣ እጇን ዘረጋች፣ ቀለበት ጠለቀላት፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ጎረምሳው አቅፎ አዞራት፣ አበባ ወረደባቸው። አልፈልግም ያለችውን ሴት ከነነጭ ልብሷ ዳሯት። ባልቴቷ መሐረቡን እንደያዙ ቀሩ፤ ኋላ ተነሡና ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ዞረው ያዩት ሙሽሪትን አይደለም።

"ሚጡ" አሉ። "ከሳቅሽ በኋላ ምን አልሽው?"

በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው። ሚጡ ነገረቻቸው። እንዳለችው፣ በቅደም ተከተል፤ ልቀቀኝ ያለችውን፣ በእናትህ ብላ የለመነችውን፣ የእሳቸውን ስም ጠርታ የጮኸችውን። ልጁ መሐል ላይ ሊገባ ሲል እናቱ ሳያዩት እጃቸውን አነሡበት። ስትጨርስ ባልቴቷ ወደ ልጃቸው ፊታቸውን አዞሩ፤ እውነት ነው ወይ ብለው አልጠየቁትም። እሱ ተነሥቶ ወጣ። መኪናው ሲነሣ ተሰማ።

ባልቴቷ ለወንድምጋሼ ሠርግ የሚባል የለም አሉት። ከዚያ ወደ ሙሽሪት ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ቤቱን ግን ትለቂልኛለሽ፣ ልጄ። እውነቱን አውቄ እናንተን በየቀኑ ማየት አልችልም። የወለድኩት እሱን ነው፣ የት አባቴ ልጣለው?"

ሙሽሪት እሺ አለች። ሌላ ምን ትላለች? ስልኳ ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ ደጋግሞ ይጠራ ነበር፤ ጆሮ ነው። ሳታነሣው አደረች። ጠዋት መልእክት ልኮ አገኘችው፤ እንዳትመጪ የምትል አጭር ነገር።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ክፍላቸው ውስጥ ዕቃ ሲያስሩ ነበር። ሚጡ ከትራሷ ሥር የጠበቃዋን ስልክ አውጥታ ደውላለች፤ ነገ ፖሊስ ጣቢያ አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል። ወዴት እንደሚገቡ ግን ገና አልታወቀም። ከግድግዳው ማዶ የባልቴቷ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ የትናንቱ ክፍል ድጋሚ ስርጭት ነው። ሁለቱም ፍራሹን በየጫፉ እንደያዙ ቆም አሉ። ሽማግሌው ፈቅደሽ ነወይ አለ።

"እሺ" አለች ሙሽራዋ፣ በሙሽሪት ድምፅ። "እሺ፣ ደስ ይለኛል።"

ሙዚቃውም ጭብጨባውም ተከተለ። ሚጡ ፊቷ አመድ መሰለ።

"እትዬ፣ ይሄን መቼ ነው ያልሽው?"

ሙሽሪት ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘንብላ የራሷን ድምፅ ፈለገችው። ጆሮ ቆራርጦ ካስቀመጠው የመዘዘው፣ ድሮ የቀዳችው ነው፤ ከሁለት ድራማ በፊት፣ ሌላ ሴት፣ ሌላ ቤት።

"ሻይ ልቅዳልሽ ወይ ስትባል ያልኩት ነው" አለች።

ሚጡ ገመዱን በፍራሹ ላይ አዙራ ጫፉን ለአክስቷ አቀበለቻትና ሁለቱም በየበኩላቸው ሳብ አድርገው አጠበቁት።